የቴሌቪዥንን የግርጌ ጽሑፍ ስለ ማጥፋትና ስለ አለማጥፋት

(በሲያትል፣ በሬኒየር ሸለቆ ሠፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት እንደተነገረው ቀርቧል።)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከቤት ኪራይና ከመኪና ማቆሚያ ጋር ሲነጻጸር ቀልድ የሚመስል ነው። አጀንዳው በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ቆመው ያነበቡ አንዳንድ አባላት ስቀዋል፤ አይተናቸዋል። ጉዳዩ በቴሌቪዥን መስኮት ከሥር እየተጻፈ የሚያልፈው፣ ልጆቻችን «ሲሲ» የሚሉት፣ ሙሉ ስሙ ክሎዝድ ካፕሽን የሆነው የግርጌ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው «እባካችሁ ይህን ነገር አጥፉልን» እያለ ኮሚቴውን ስለጠየቀ፣ ከዚህም በላይ በዚሁ በአዳራሻችን ቴሌቪዥን ምክንያት እኛው ራሳችን ስሕተት ስለሠራን፣ በሰፊው እንነጋገርበት ብለናል።

አቤቱታው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የልጅ ልጅ ለበዓል ይመጣል፣ ሪሞቱን ይነካካል፣ ይሄዳል። እሱ ሄደ፣ ጽሑፉ ቀረ። ከዚያ በኋላ ኳስ ሲታይ ውጤቱ ይሸፈናል፣ ዜና ሲነበብ የተናጋሪው አገጭ በጥቁር ሣጥን ይታሠራል። ቁልፍ ቢጫኑ ቢጫኑ አይጠፋም። አንዲት እናታችን መስኮቱ ላይ ፎጣ አንጠልጥለው ከግማሽ በላይ ብቻ ያዩ ነበር፤ ሲነግሩን እንደ ቀልድ ቢሆንም ሦስት ሳምንት እንደዚያ ማሳለፋቸውን ስንሰማ ቀልዱ ጠፋብን።

እንግዲህ «እንዴት ነው የሚጠፋው?» ወደሚለው በቀጥታ እንግባ። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ለዚሁ እንደሆነ ይገባናል።

በመጀመሪያ ደረጃ መታወቅ ያለበት ጽሑፉን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ መስኮቱ ላይ መጻፍ የሚችሉ ሦስት ጸሐፊዎች አሉ። አንደኛው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ሁለተኛው ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ የተያያዘው የኬብል ሣጥን፣ ወይም እንደ ሮኩ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው በመሣሪያው ውስጥ የሚከፈተው ኔትፍሊክስ፣ ዩቲዩብ የመሳሰለው ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያጠፋውም። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጣራ ላይ ወይም መስኮት አጠገብ በተተከለ አንቴና ብቻ የምታዩ ከሆነ፣ ጽሑፉ ከሥዕሉና ከድምፁ ጋር ተሰውሮ በአየር ይመጣና ቴሌቪዥኑ ራሱ አንብቦ ይጽፈዋል። እንዲህ ከሆነ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ ማጥፋት ነው። ሣጥን ካለ ግን ነገሩ ይለያል። ከሣጥኑ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ሥዕልና ድምፅ ያሳልፋል እንጂ የተሰወረውን ጽሑፍ አያሳልፍም። ስለሆነም ሣጥኑ አስቀድሞ ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ ጽፎበት ይልካል። ቴሌቪዥኑ ሲደርሰው የሥዕሉ አካል ሆኗል፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እስከ ነገ ብትጫኑ አያውቀውም። አንድ አባላችን በዚህ ተበሳጭተው አዲስ ቴሌቪዥን ሊገዙ ተነሥተው ነበር። ሣጥኑ ያው ነውና፣ ቢገዙም ጽሑፉ አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ይጠብቃቸው ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። አስቀድሞ ፊልሙ የሚታይበትን፣ ቀጥሎ ሣጥኑን፣ በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን። በዩቲዩብ «ሲሲ» የሚለውን ምልክት መንካት ነው። በኔትፍሊክስ የንግግር ምልክት፣ ማለት እንደ ትንሽ ደመና ያለ ሥዕል አለ፤ እሱን ከፍቶ «ኦፍ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሮኩ ያላችሁ፣ ፕሮግራሙ እየታየ ሪሞቱ ላይ ያለውን የኮከብ ምልክት ስትጫኑ ዝርዝር ይወጣል፤ ክሎዝድ ካፕሽን ከሚለው ዘንድ ታጠፋላችሁ። እዚያው ላይ «ኦን ሪፕሌይ» የሚል ምርጫም አለ። ይህ ደኅና ዘዴ ነው፤ አንድ ቃል አምልጧችሁ ወደ ኋላ ስትመልሱት ብቻ ጽሑፉ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። የኤክስፊኒቲ ሣጥን ያላችሁ፣ ሪሞታችሁ «ቢ» የሚል ቁልፍ ካለው እሱን ስትጫኑ የአክሰሲቢሊቲ ዝርዝር ይከፈትላችኋል። ከሌለው ማይክሮፎኑን ተጭናችሁ «ክሎዝድ ካፕሽን ኦፍ» ብላችሁ ተናገሩ። በእኛ እንግሊዝኛም ይሰማል፣ ሞክረነዋል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ በአብዛኛው «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ቀጥሎ «ካፕሽን» ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በአንዳንድ የሳምሰንግ ሪሞቶች ላይ የድምፁን ቁልፍ ተጭኖ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ይህንኑ ዝርዝር ይከፍታል። ድምፅ ለመጨመር ብሎ ጣቱን የሚያቆይ ሰው፣ ወይም ሪሞቱን የሚያኝክ ሕፃን፣ ሳያውቀው ጽሑፉን ያበራዋል ማለት ነው። የልጅ ልጆቻችን በሐሰት የተከሰሱበት ጊዜ ሳይኖር አይቀርም።

ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ሌላም ነገር አለ። «ቴሌቪዥኔ ውስጥ የተቀመጠ ሰውዬ ወሬ ያቀብላል፤ ‹ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፣ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀመጠ› ይላል» ብለው የነገሩን አሉ። ይህ ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን የሚባለው፣ ለማያዩ ሰዎች የተዘጋጀ ትረካ ነው። አጠፋፉም ከዚያው ከአክሰሲቢሊቲ ዘንድ ነው። ጽሑፉ በስፓኒሽ የሚመጣባችሁ ደግሞ «ሲሲ 3» ላይ ሆኖባችሁ ሊሆን ይችላልና ወደ «ሲሲ 1» መልሱት። በአሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች ላይ «ቴክስት 1» የሚል ነገር በስሕተት ከተመረጠ ትልቅ ጥቁር ሣጥን ይመጣና መስኮቱን ይሸፍናል። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም፤ አትጣሉት።

የማይጠፋ ጽሑፍም አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው ክሎዝድ ማለት የተዘጋ፣ ሲፈለግ ብቻ የሚከፈት ነው። ፊልሙ ሲሠራ አብሮ የታተመ ጽሑፍ ግን ክፍት ይባላል፤ መዝጊያ የለውም። ሀገር ቤት ሳለን በኤምቢሲ 2 የእንግሊዝኛ ፊልም ያየን ሁሉ ከሥር የሚወርደውን ዓረብኛ እናስታውሳለን። እሱን ለማጥፋት የደከመ ሰው ጊዜውን አባከነ።

ከማጥፋት በፊት አንድ አማካኝ መንገድ እንዳለም እወቁ። በዚያው በካፕሽን ዝርዝር ውስጥ የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙን፣ ከበስተጀርባው ያለውን ጥቁር መደብ መለወጥ ይቻላል። መደቡን ግልጽ ብታደርጉት ፊደሉ ብቻ ይቀራል፤ የኳሱም ውጤት ይታያል። በአንድ ቤት አንዱ ጽሑፍ ፈልጎ ሌላው ሲጠላ ይህ ብዙ ጠብ ያበርዳል።

እስካሁን ስለ ማጥፋት ነው የተናገርነው። አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ።

እንደምታውቁት በአዳራሻችን ያለው ቴሌቪዥን ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈታል። ቡና ይፈላል፣ ዜና ይታያል፣ ከዚያ ጨዋታ ነው። ጽሑፉ ከድሮም በርቶ የኖረ ነበር፤ ማን እንዳበራው የሚያስታውስ የለም። አንድ ቅዳሜ የኳስ ጨዋታ ስለነበር ወጣቶቹ «ውጤቱን ሸፈነብን» አሉ፤ እኛም አጠፋነው። መልሰን አላበራነውም። ማን ትዝ ይለዋል?

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩ አንድ አባታችን መምጣት አቆሙ። አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ቅዳሜ፣ አምስት ቅዳሜ። ስልክ ደወልን፤ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉን። «አዳራሽ ለምን ጠፉ?» ስንላቸውም መልሳቸው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። ተቀይመውናል ብለን ከኮሚቴው ሁለታችን በእጃችን ዳቦ ይዘን ቤታቸው ሄድን። በሩን ብናንኳኳ አልሰሙም፤ የጎረቤታቸው ልጅ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝላቸው ነው የከፈቱልን። ቴሌቪዥናቸው በርቷል። ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። ከሥር ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል እየሄደ ነው።

«ጆሮዬ ከከዳኝ ሦስት ዓመት ሆነ» አሉን። «ለማን ይነገራል? አዳራሹ ውስጥ አንብቤ ነበር የምስቀው። ጽሑፉን ስታጠፉት ሰዉ ሲስቅ እኔ ዙሪያዬን ማየት ሆነብኝ። ይልቅ ቤቴ ልቀመጥ አልኩ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለን። እኒህ አባት ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ትንሽ ዘግይተው ነበር የሚስቁት። ወጣቶቹ ይህን አይተው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ እኛም አልፎ አልፎ ፈገግ ብለናል። ምክንያቱ ግን በቀጥታ በሚተላለፍ ፕሮግራም ጽሑፉ ከድምፁ ጥቂት ሰኮንድ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። እሳቸው አልዘገዩም፤ ጽሑፉ ደርሶላቸው ወዲያው ስቀዋል።

ይህን ታሪክ ስማቸውን ሳንጠራ እንድንናገረው ፈቅደውልናል። «ሌላም የሚደብቅ ይኖራል» ነው ያሉን።

ነገሩን ካወቅን በኋላ ይህ ጽሑፍ ከየት እንደመጣ ጠይቀን ተረድተናል። ባጭሩ እንናገረው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1972 የቦስተኑ የሕዝብ ጣቢያ ደብልዩጂቢኤች የጁልያ ቻይልድን የወጥ ቤት ፕሮግራም «ዘ ፍሬንች ሼፍ»ን በግርጌ ጽሑፍ አቀረበ። በመላ አሜሪካ ለመስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ከሰሚው ጋር እኩል የተከታተሉት የመጀመሪያው ፕሮግራም ይህ ሆነ፤ ያም ክፍት፣ ሁሉም ሰው የሚያየው ጽሑፍ ነበር። ተሰውሮ የሚመጣውና የፈለገ ብቻ የሚከፍተው በመደበኛነት የጀመረው መጋቢት 16 ቀን 1980 ነው። ያን ጊዜ ጽሑፉን ለማየት በሲርስ መደብር የሚሸጥ፣ ዋጋው 250 ዶላር ገደማ የሆነ ሣጥን መግዛት ነበረበት፤ ለዚያ ዘመን ኪስ ብዙ ገንዘብ ነው። በ1990 የወጣው ሕግ ግን መስኮቱ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ከሐምሌ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ይህን ችሎታ በውስጡ ይዞ እንዲሠራ አዘዘ። እኛ ዛሬ «ማን አመጣብን» የምንለው ቁልፍ እዚያ የገባው ሰዎች ተከራክረው አስገብተውት ነው።

በቀጥታ ሲተላለፍ የሚጻፈውን በፍርድ ቤት ጸሐፊዎች መኪና የሠለጠኑ ሰዎች በደቂቃ ከ200 በላይ ቃላት እየመቱ ይጽፉታል። አሁን አሁን ኮምፒዩተር ሰምቶ የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስሕተት አይጠፋውም። የሩጫ ውድድር ሲተላለፍ የአትሌቶቻችን ስም ምን እየሆነ እንደሚጻፍ ያየ ያውቀዋል፤ ሰው በራሱ ስም አይታወቅም።

ስለ ቋንቋችንም አንድ መራራ ነገር አለ። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ ጽሑፍ እንዲኖራቸው የሚያስገድደው የእንግሊዝኛና የስፓኒሽ ፕሮግራሞችን ነው፤ በሌሎች ቋንቋዎች የሚተላለፉት በጠቅላላው ከግዴታው ውጭ ናቸው። ስለሆነም እኒያ አባታችን የእንግሊዝኛውን ዜና አንብበው ይረዳሉ፤ በአማርኛ ድራማ ፊት ግን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያሉ። በገዛ ቋንቋቸው ነው ባይተዋር የሆኑት። ከመካከላችሁ በዩቲዩብ የአማርኛ ዝግጅት የምታወጡ አላችሁ። ጽሑፍ ጽፎ መጨመር እዚያ ይቻላል፤ ይደክማል እንጂ ይቻላል። እባካችሁ አስቡበት።

ጽሑፉ የሚያገለግለው ጆሮው ለደከመ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአረጋውያን መጦሪያ ማታ ማታ የምትሠራ አንዲት እህታችን፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከዚህ ጽሑፍ እንደተማረች ነግራናለች። የምትሰማው ቃል ሲጻፍ ታየዋለች፣ ደብተር ላይ ትገለብጠዋለች። ባለቤቷ ሲያጠፋባት ነበር የሚጣሉት። አሁን መደቡን ግልጽ አድርገውት ታርቀዋል።

ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ጸጉር ቤት ላላችሁ አባላት ለብቻው የምንነግራችሁ አለ። ቤታችሁ የራሳችሁ ነው፤ አብሩ አጥፉ። በሲያትል ከተማ ግን በ2019 የወጣው ደንብ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ፣ በሥራ ሰዓት፣ የሚታይ ቴሌቪዥን ሁሉ የግርጌ ጽሑፉ በርቶ እንዲውል ያዛል። ጠያቂ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። የተቀመጠ እንግዳ «አጥፉልን» ቢላችሁ እንኳ ደንቡን ነግራችሁ፣ ቡናውን ጨምሩለት። ፕሮግራሙ ራሱ ጽሑፍ ከሌለው ማብራቱ ብቻ ጽሑፍ እንደማያመጣም ይታወቅ። የእኛ አዳራሽ በዚህ ደንብ ይገዛል አይገዛም ብለን አልተከራከርንም፤ አምስት ባዶ ቅዳሜዎች በቅተውናል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለእናንተ ያቀርባል። የአዳራሹ ቴሌቪዥን ጽሑፉ በርቶ ይዋል፤ መደቡ ግልጽ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ በኳስ ቀን የውጤቱን ቦታ እንዳይሸፍን ወጣቶቹ ራሳቸው ያስተካክሉት፤ ማንም ሰው ኮሚቴውን ሳይጠይቅ አያጥፋው። ተቃውሞ ያለው ዛሬውኑ እጁን ያንሣ፤ በኋላ በደረጃ ላይ እንዳንሰማው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ወንበሮችም ማንበብ ለሚፈልግ ይተዉ፤ ለምን ተቀመጥክ ተብሎ የሚጠየቅ አይኖርም።

በቤታችሁ ማጥፋት ያቃታችሁ፣ ወይም ማብራት የምትፈልጉና ልጆቻችሁን መጠየቅ ያፈራችሁ፣ ከፊታችን ቅዳሜ ከቡና በፊት ወደ አዳራሹ ኑ። ሪሞታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ አንዱን ብቻ አይደለም። የሣጥኑን ፊትና የጀርባውን ገመድ በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ። መምጣት የማትችሉትን ሁለት ወጣቶች ቤታችሁ ድረስ መጥተው ያስተካክሉላችኋል፤ ስማችሁን ከሰሌዳው ሥር ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ፣ «ለማጥፋት» ወይም «ለማብራት» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ወረቀቱን የሚያየው ኮሚቴው ብቻ እንዲሆን በፖስታ ውስጥ የሚከትበት ሣጥን አጠገቡ ተቀምጧል።

ከእንግዲህ በየወሩ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ከስብሰባው በፊት ተጽፎ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ፣ በፊት ወንበሮቹም ላይ እንዲቀመጥ ወስነናል። የዛሬው ሁለት ቅጂ እዚያ አለ። አንዱን እኒያ አባታችን ይዘውታል፤ ከእኛ አንድ ገጽ ቀድመዋል።